የአፈሙዝ ሥራ፦ ከቤት ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ቤት

ከጠመንጃ ክፍሎች ሁሉ ለመሥራት እጅግ የሚያስቸግረው አፈሙዝ ነው፤ አፈሙዝ ሲባልም እዚህ ላይ ጫፉ ብቻ ሳይሆን ጥይቱ ከጎረሰበት ስፍራ አንሥቶ እስኪወጣ ድረስ የሚያልፍበት ረጅም የብረት ቱቦ በሙሉ ነው። ሰደፉ ቢጎረብጥ ተኳሹ ይለምደዋል፣ ምላጩ ቢጠብቅ በሞረድ ይስተካከላል፤ የቱቦው ቀዳዳ ግን ከመስመሩ ከወጣ ወይም ስፋቱ አንዱ ጋ ጠብቦ ሌላው ጋ ከሰፋ ጠመንጃው የቱንም ያህል ቢያምር ዒላማ አይመታም። ስለዚህ የአፈሙዝ ሥራ ታሪክ በመሠረቱ በብረት ውስጥ ረጅምና ቀጥ ያለ ቀዳዳ የማውጣት ታሪክ ነው፤ በአሜሪካ ይህ ሙያ ከቤት ምድጃ ተነሥቶ፣ በታላላቅ ፋብሪካዎች አልፎ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተመልሶ ወደ ቤት የገባበት መንገድም የማሽንን ጉልበትና የባለሙያን እጅ ዝምድና በግልጽ ስለሚያሳይ ሊመረመር የሚገባው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጠምዛዛ ቦዮችን መፈልፈል በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ በደቡብ ጀርመን አካባቢ የታወቀ ጥበብ ነበር። አረሩ በእነዚህ ቦዮች ተይዞ ሲወጣ እንደ እንዝርት ስለሚሾር በአየር ላይ አይንገዳገድም፤ ውስጡ ልሙጥ ከሆነ ጠመንጃ የሚወጣ አረር ግን ወዴት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የፈለሱ ባለሙያዎች ጥበቡን ወደ ፔንሲልቬኒያ ወስደው፣ በላንካስተርና በአካባቢው ከቀድሞው የጀርመን የአደን ጠመንጃ ይልቅ አፈሙዙ የረዘመና ቀዳዳው የጠበበ፣ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ አዲስ ዓይነት ጠመንጃ አወጡ። ጠባብ ቀዳዳ ትንሽ አረርና ትንሽ ባሩድ ስለሚበቃው፣ ከከተማ ርቆ በጫካ ለሚሰነብት አዳኝ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነበር።

የዚያ ዘመን ባለእጅ አፈሙዙን ከድፍን ብረት አይሰረስረውም ነበር። ዝርግ የብረት ቁራጭ በምድጃ አግሎ በቀጭን ዘንግ ላይ ይጠቀልለውና ዳርና ዳሩን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ጥቂት በጥቂት ያጣብቀዋል፤ ከዚያም ሻካራውን ቀዳዳ በተከታታይ መሰርሰሪያዎች ያሰፋዋል፣ የውጩንም ገጽ በሞረድ ወይም በውሃ ኃይል በሚዞር የሞረድ ድንጋይ ስምንት ማዕዘን ያወጣለታል። ቱቦው ቀጥ ማለቱን የሚያረጋግጠው በቀዳዳው ውስጥ ክር ወጥሮ በክሩና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በመመልከት ነበር። ቦዮቹን ለመፈልፈል ደግሞ በዙሪያው ጠምዛዛ መስመር የተቀረጸበት ወፍራም ግንድ እየሳበ ያዞራል፤ ከግንዱ ጋር የተያያዘው ዘንግ በጫፉ ትንሽ ስለት ይዞ በቱቦው ውስጥ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስም ከፀጉር የቀጠነ ልጣጭ ብቻ ያነሣል። ስለቱን ከፍ ለማድረግ ከሥሩ የሚገባው ስስ ወረቀት ነበር። ይህን ሁሉ ለመሥራት አንድ ጠባብ ክፍል፣ ወናፍ፣ መስፍና ትዕግሥት ይበቃል፤ ሙያው በቤት ውስጥ ሊኖር የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የማሽኑ ሐሳብ የመጣው ከመድፍ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከቀለጠ ብረት ድፍን ሆኖ የተሠራ መድፍን መሰርሰር የጀመሩ ባለሙያዎች፣ መሰርሰሪያው ሳይዞር መድፉ ራሱ ቢሽከረከር ቀዳዳው ከመሐል የመውጣቱ ዕድል እንደሚቀንስ ተረዱ፤ ከኔዘርላንድ የመጣው ያን ቬርብሩገንም በ1770ዎቹ በእንግሊዝ ዉልዊች በዚህ ዘዴ መድፍ ይሰረስር ነበር። ጆን ዊልኪንሰን በ1774 ለመድፍ መሰርሰሪያው የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ የጄምስ ዋትን የእንፋሎት ሞተር ሲሊንደሮች በትክክለኛ ልክ ቦርቡሮ ስላቀረበ፣ የእንፋሎት ዘመን ራሱ የመድፍ ቀዳጆች ባለውለታ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ዉልዊች የተወለደውና በልጅነቱ በጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ያገለገለው ሄንሪ ሞድስሊ ደግሞ በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይ ቶርኖውን አዲስ መልክ ሰጠው። ቶርኖ ብረቱን ጨብጦ እያሽከረከረ በጎኑ በተያዘ ስለት የሚልጥ መሣሪያ ሲሆን፣ ከሞድስሊ በፊት ስለቱን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛው እጅ ነበር፤ እርሱ ግን ስለቱን በተንሸራታች መያዣ ላይ አስሮ በረጅም ብሎን እየተገፋ ልኩን ጠብቆ እንዲሄድ አደረገው።

በአሜሪካ ቶርኖንና አፈሙዝን በማገናኘት ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው የማሳቹሴትሱ ቶማስ ብላንቻርድ ነው። በሚልበሪ የሚገኘው የኤሳ ዋተርስ ፋብሪካ የአፈሙዙን ክብ ክፍል በቶርኖ ሲልጥ የኋላው ጫፍ ክብ ስላልነበረ በእጅ መሞረድ ግድ ሆኖበት ሳለ፣ ብላንቻርድ ወደ 1818 አካባቢ የስለቱን እንቅስቃሴ የሚለዋውጥ ክፍል ጨምሮ ይህንኑ ጫፍ ማሽኑ ራሱ እንዲጨርሰው አደረገ። ከዚህም ተነሥቶ ናሙና እየዳሰሰ ክብ ያልሆነ ነገር የሚቀርጽ ቶርኖ ፈጠረ፣ በ1819ም የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ የእንጨት ሰደፍን ከአናጺዎች እጅ ያወጣው ይህ መሣሪያ ነው። ሆኖም በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት ፋብሪካ እንኳ አንድ ሥራ ለማሽን አልተገዛም ነበር፤ የአፈሙዝ አቅኚው ቱቦውን ወደ መስኮት አቅንቶ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን የመስመር ጥላ ይመለከትና፣ ጥላው የተሰበረበትን ቦታ በመዶሻ ያቃናዋል። ዓይኑ የሰለጠነ ሰው ብርቅ ስለነበረ እንዲህ ያለው ሠራተኛ በፋብሪካው እጅግ የተከበረ ነበር።

ኤሊፋሌት ሬሚንግተን በ1816 በኒው ዮርክ ገጠር በአባቱ ምድጃ ሥራውን ሲጀምር የሚሸጠው ሙሉ ጠመንጃ ሳይሆን አፈሙዝ ነበር፤ የአካባቢው ባለሙያዎች ቱቦውን ከእርሱ ገዝተው የቀረውን በየቤታቸው ይጨርሱ ነበር። ይህ የሥራ ክፍፍል ኋላ ላይ እንደገና የሚመጣ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1840ዎቹ የሬሚንግተን ፋብሪካ አፈሙዝን ከድፍን ብረት አረብ መሰርሰር ሲጀምር የጥቅልሉ ዘመን ማለቂያው ቀረበ። ግብፅ የገዛቻቸው የሬሚንግተን ጠመንጃዎች በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876ም ጉራ ላይ ከወራሪው ሠራዊት እየተማረኩ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደሮች እጅ ስለገቡ፣ የዚህ የኒው ዮርክ ምድጃ ታሪክ ከኢትዮጵያ ታሪክም ጋር የተገናኘ ነው።

በዚህ መካከል ፋብሪካው የበላይነቱን ያዘ። የቬርሞንቱ ሮቢንስና ሎረንስ ኩባንያ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን አንዱ ክፍል በሌላው ቦታ የሚገጥም ጠመንጃ ስላሳየ እንግሊዞች ለኤንፊልድ ፋብሪካቸው የአሜሪካ ማሽኖችን ገዙ። የቤት ባለእጁም ከአፈሙዝ ሠሪነት ወደ ጥገና ወረደ።

ሙያው በግለሰብ እጅ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ያስመሰከረው ሃሪ ፖፕ (1861–1950) ነው። በ1881 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በምሕንድስና የተመረቀው ይህ ሰው በኮኔቲከት ሃርትፎርድ በቢስክሌት ፋብሪካ እየሠራ በጎን ለራሱና ለወዳጆቹ አፈሙዝ መሥራት ጀመረ፤ የእርሱ ቱቦዎች ስምንት ቦይ ያላቸው፣ ወደ ግራ የሚዞሩና ጥምዘዛቸው ወደ ጫፉ በቀረበ ቁጥር እየጠበቀ የሚሄድ ነበሩ። በ1901 አንድ የኮሎራዶ ተኳሽ በፖፕ አፈሙዝ ከ200 ያርድ፣ ማለትም ከ183 ሜትር ገደማ፣ አሥር ጥይት ተኩሶ ሁሉንም ከአንድ ኢንች ባነሰ ስፋት ውስጥ አሳረፋቸው፤ ለዚያ ዘመን ይህ የማይታመን ውጤት ነው። ፖፕ በ1906 የሳን ፍራንሲስኮው የመሬት መንቀጥቀጥ ሱቁን ካሳጣው በኋላ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ በጀርሲ ሲቲ በአንድ የተጨናነቀ ክፍል ውስጥ እስከ እርጅናው ሠራ። ፋብሪካ በብዛት ሊቀድመው ይችል ነበር፤ አንድን ቱቦ እስኪሰምር ድረስ ጊዜ በመስጠት ግን አልቀደመውም።

ፖፕን መከተል ለብዙዎች የተቻለው ቶርኖ ሲረክስ ነው። በ1906 መንትዮቹ ጆንና ማይልስ ኦብራየን በኢንዲያና ያቋቋሙት የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካ፣ በኋላም የካላማዙው አትላስ፣ ለአነስተኛ ሱቅ የሚሆኑ ቶርኖዎችን ሠርተው በሰፊው ሸጡ። ባለ 9 ኢንች የሚባለው የሳውዝ ቤንድ ቶርኖ እስከ 9 ኢንች ዲያሜትር ያለው ነገር ማሽከርከር ቢችልም ብረቱን በሚያሽከረክረው ጭንቅላቱ መሐል ያለው ቀዳዳ ከሦስት ሩብ ኢንች አይበልጥም፤ የአፈሙዝ ውፍረት ከዚህ ስለሚበልጥ የቤት ባለሙያው ቱቦውን በጭንቅላቱ ውስጥ ማሳለፍ አይችልም፣ ስለዚህ በሁለት ሹል ጫፎች መካከል አስሮ ወይም መሐሉን በድጋፍ ይዞ መሥራት ነበረበት። የስለቱ መያዣ የሚንሸራተትበት የአሮጌ ቶርኖ ሐዲድ ደግሞ ብዙ ሥራ በሚሠራበት በጭንቅላቱ አጠገብ ተበልቶ ስለሚገኝ፣ ባለቤቱ የማሽኑን ጉድለት አውቆ በልኬት ማካካስን መማር ግድ ይለዋል።

ቀዳዳውን በቤት መሰርሰርና ቦዩን መፈልፈል የጥቂቶች ሥራ ሆኖ ሲቀር፣ አብዛኞቹ ተሰርስሮና ቦይ ወጥቶለት የተዘጋጀ ቱቦ ገዝተው ውጩን በመላጥ፣ ጥርስ በማውጣትና የጥይት መጉረሻውን በማስተካከል ይጨርሱታል፤ የወጣቱ ሬሚንግተን ዘመን ክፍፍል በዚህ መልክ ተመለሰ። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ በጠመንጃነት የሚቆጥረው ዋናውን አካል እንጂ አፈሙዙን አለመሆኑም ለዚህ ልማድ ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጀርመን የተስፋፋው፣ ቱቦውን በመዶሻ ምት ከውጭ እየጨመቀ ቦዩን በአንድ ጊዜ የሚያትም ማሽን በፋብሪካዎች ሲገባ፣ ቦዩን በስለት ልጣጭ በልጣጭ ይፈለፍሉ የነበሩት የሃርትፎርዱ ፕራት ኤንድ ዊትኒ ከባድ ማሽኖች ትርፍ ሆኑ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የጣሏቸውን እነዚህን ማሽኖች የገዙት አነስተኛ አፈሙዝ ሠሪዎች ናቸው፤ ከጦርነቱ ወዲህ በተስፋፋው፣ ጠመንጃው በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በሚተኮስበት የትክክለኛነት ውድድር ላይ የሚፈለጉት አፈሙዞችም በብዛት ከእነርሱ ሱቅ የሚወጡ ሆኑ።