ባል «ሥራሽን አልወደድኩትም» ሲል ሕግ የሰማው ዘመን

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ብዙዎች የማያውቁት ሐሳቡ ለ40 ዓመት ያህል በሕግ መጽሐፍም ተጽፎ መኖሩን ነው።

ታሪኩ ከሕጉ ይቀድማል። የኢትዮጵያ ሴት ሥራ ፈትታ አታውቅም። ጥጡን ባዝታ፣ ድሩንና ማጉን ፈትላ የምታቀርበው እሷ ናት፤ የሙያው ስም ግን የሸማኔው ነው። እርሻ ላይ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ታበጥራለች። ሞፈር መያዝ ለሴት ነውር ስለተባለ ግን ገበሬ የሚባለው ባሏ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የራሷን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቷን የምትካፈለው በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ዓድዋ በዘመተው ሠራዊት ውስጥም ስንቅ የምትፈጨውና ውኃ የምትቀዳው ሴት ነበረች። ሥራው መቼም አልጎደለም። የጎደለው ስሙና ክፍያው ነው።

በ1920ዎቹ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መምህርት፣ ነርስ፣ ጸሐፊ እየሆኑ ደመወዝ የሚቆጥሩ ሴቶች በከተማ መታየት ጀመሩ። ጥያቄውም አብሮ መጣ፦ ያገባች ሴት ሥራ ልግባ ስትል የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ መልስ ሰጠ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ በብዙ ነገሩም ዘመናዊ ሕግ ነበር። ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው። አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ እንደሆነና ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 645 ደግሞ እያንዳንዱ ተጋቢ የፈለገውን ሥራ መሥራት ይችላል ካለ በኋላ፣ ሌላኛው ወገን ለትዳሩ ጥቅም ሲል ሊቃወም ይችላል ብሎ ይጨምራል።

በወረቀት ላይ ሚዛኑ እኩል ይመስላል። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ አዛዥ፣ ሌላዋ ታዛዥ በተባሉበት ቤት የማን ተቃውሞ ነው የሚጸናው? ሚስት ከምታገኘው የግል ገቢ በቀር የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረውም ባል ነበር። ሱቅ ልክፈት ያለች ሴት መነሻ ገንዘቡንም ከእሱ እጅ መጠበቅ ነበረባት።

አብዮቱ ንጉሡን አወረደ፣ መሬቱን ወረሰ፤ የቤቱን ራስ ግን አልነካም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እና 35 በጋብቻም በሥራም እኩልነትን ሲያውጅ እንኳ የቆየው ሕግ በቦታው ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ብዙ ከወተወቱ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። ቤተሰብን መምራት የሁለቱም እኩል መብት ሆነ፤ የትዳር ጓደኛን ሥራ የመቃወም መብትም ቀረ።

አዋጁ በቀጥታ የሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር፤ ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ማውጣት ነበረባቸውና አንዳንዶቹ ዘገዩ። ይህ መቀዳደም ለተመራማሪዎች ማነጻጸሪያ ሆነ። የዓለም ባንክ አጥኚዎች ቀድሞ ሕጉ በተለወጠባቸውና ባልተለወጠባቸው አካባቢዎች ያሉ ሴቶችን አስተያዩ። ሕጉ በተሻሻለበት ከቤት ውጭ በሚሠራ፣ የተሻለ ትምህርት በሚጠይቅ ሥራ የተሰማሩ ሴቶች ድርሻ ይበልጥ ጨምሮ ተገኘ። ሴቶቹን ይዞ የነበረው «ባህል» ብቻ እንዳልነበረ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ታዲያ ነገሩ አለቀ? የ2011ዱን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መግለጥ ነው። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው። ቀጣሪ ሁለት እኩል አመልካቾች ፊቱ ሲቀመጡ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሕፃኑ የማን እንደሆነ ሕጉ በግልጽ አይናገርም፤ ሁሉም ሰው ግን ገብቶታል።

አንቀጽ 645 ከመጽሐፉ ወጥቷል። ከማጀቱ መውጣቱን የሚወስነው ግን በዚያ በአራተኛው ቀን ጠዋት ቤት የሚቀረው ሰው ማንነት ነው።