ከማር ውርርድ እስከ ስልክ ውርርድ

«ውርርድ» የሚለው ቃል ዛሬ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባለው መንገድ ላይ የሚሰማው ከእንግሊዝ ኳስ ጋር ተያይዞ ነው፡፡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ «አርሴናልን ስንት ሰጡት?» ይባባላል፡፡ የቃሉ የቀድሞ ቤት ግን ኳስ ሜዳ አልነበረም፤ ችሎት ነበር፡፡ ከየካ ቀና ሲሉ የሚታየው እንጦጦ፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑበት ተራራ፣ ከግርጌው ከሰፈረችው ከተማ ጋር ይህን ሙግት ብዙ ሰምቷል፡፡ ተሟጋች ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየወዘወዘ፣ በላ ልበልሃ ሲል ቆይቶ ድንገት «ማር!» ብሎ ይጮኻል፡፡ ያን ጊዜ ዳኛው ጆሮውን ያቆማል፡፡

ለምን እንደሚያቆም ላስረዳ፡፡ ከሳሽና ተከሳሽ ተከራክረው ተከራክረው አንድ ነጥብ ላይ ሲነካከሱ አንደኛው «ይህን ያላስረዳሁ እንደሆነ ማር እሰጣለሁ» ይላል፡፡ ባላጋራው ወይ ይቀበላል፣ ወይ ይሸሻል፤ መሸሽ ደግሞ በሕዝብ ፊት ማፈር ነው፡፡ ነገሩ እየከረረ ሲሄድ ጉንዶ ማሩ ወደ ፈረስ፣ ፈረሱ ወደ በቅሎ ያድጋል (በቅሎ ያኔ ከፈረስ የከበረች ነበረች)፡፡ ጠገራ ብርም ይጠራል፡፡ ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ፡፡ በመጨረሻ ምስክር ተሰምቶ አንዱ ይረታል፡፡ የተረታው ውርርዱን የሚከፍለው ግን ለረታው አይደለም፤ ለዳኛው ነው፡፡

ደመወዝ በሌለበት ዘመን ዳኛው በዚህ ይተዳደር ነበር፡፡ ነገሩን በዛሬ ዐይን አይቶ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚገርመኝ ስሌቱ ነው፡፡ ማንም ቢረታ ዳኛው አይከስርም፡፡ ይባስ ብሎ ሙግቱ በከረረ መጠን ማሩ ይበዛል፡፡ እንግዲህ ቶሎ እንዲያስታርቅ የሚያደርገው ምን ነበር? ሕሊናው ብቻ፡፡ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፍርዱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ቢሰጡም የማሩ ልማድ በአንድ ቀን ሹመት የሚነቀል አልነበረም፡፡ እየከሰመ የሄደው ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. የዳኝነት አስተዳደር ዐዋጅ ወጥቶ ፍርድ ቤቶች በአዲስ መልክ ሲደራጁና የዳኛ እንጀራ ከመንግሥት ካዝና ሲሆን ነው፡፡

መንግሥት ከውርርድ ገበታ ተነሣ ማለት ግን አይደለም፡፡ ሃያ ዓመት ቆይቶ ራሱ ገበታውን ዘረጋ፡፡ በ1954 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 183 ብሔራዊ ሎተሪ ተቋቋመ፡፡ ልብ በሉ፣ እንግሊዞችም ለብዙ ዘመን በጓዳ ሲካሄድ የኖረውን የውርርድ ቤት በሕግ የከፈቱት በዚያው ሰሞን፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፡፡ እነርሱ ለግለሰብ ፈቃድ ሰጡ፤ የእኛው መንግሥት ለራሱ ሰጠ፡፡ ዘውዱ ወድቆ ደርግ ሲመጣ ባንኩና ኢንሹራንሱ ተወረሰ፤ ሎተሪ ግን የሚወረስበት ምክንያት አልነበረም፤ ቀድሞውኑ የመንግሥት ነበርና አዟሪው ቲኬቱን እንደያዘ መንገዱን ቀጠለ፡፡ ሶሻሊዝምና ዕጣ እንዴት ተስማሙ የሚለውን የፍልስፍና ሰዎች ይመልሱት፡፡

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፡፡ በዐዋጅ ቁጥር 535 እንደገና የተቋቋመው የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር የራሱን ሎተሪ እየሸጠ ለሌሎች ፈቃድ የሚሰጥም ሆነ፡፡ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የስፖርት ውርርድ መመሪያ አወጣ፡፡ ተጫዋችም ዳኛም መሆን ይሉታል ይህን፡፡ በተመሳሳይ ንግድ ተፎካካሪውን የሚፈቅድና የሚከለክል ነጋዴ በጉልት ገበያ እንኳ አይገኝም፡፡

ባለፈው ዓመት አንድ የኮተቤ ወጣት ለኢንተርኔት ውርርድ ፈቃድ ማመልከቻ እንድጽፍለት ለመነኝ፡፡ ያለው አንድ ላፕቶፕና አራት ጓደኞች ናቸው፡፡

«አሸናፊው ቢበዛብህ ከየት ትከፍላለህ?» አልኩት፡፡

«አይበዛም ጋሼ፤ ሒሳቡ ተሠርቷል፡፡»

እውነቱን ነው፡፡ ሁለት እኩል ቡድኖች ሲጋጠሙ ቤቱ ለእያንዳንዱ 1.90 ይሰጣል እንበል፡፡ አንዱ ሰው በዚህ፣ ሌላው በዚያ 100 ብር ቢያስይዙ ቤቱ 200 ብር ሰብስቦ ለአሸናፊው 190 ይከፍላል፡፡ 10 ብሯ የማሯ ጉንዶ ናት፡፡ ማን እንዳገባ ቤቱን አያስጨንቀውም፤ የሚያስጨንቀው ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ነው፡፡ ያኔ ቁጥሩን ያወርዳል፡፡ መንግሥትም የራሱን ጉንዶ አልረሳም፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በዕድል ካሸነፈ ሰው ላይ 15 በመቶ እንዲቆረጥ ደንግጓል፡፡

ለወጣቱ ግን ሌላም ነገር ነገርኩት፡፡ ፈቃድ ሰጪ የሆነ ሁሉ በዓለም ዙሪያ የሚጠይቀው መጀመሪያ ስለ ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ ዕድለኛ ቢበረክት የሚከፈልበት ተቀማጭ እንዳለ፣ ሕፃን እንዳይጫወት ምን እንደሚደረግ ነው፡፡ በድሮው ቋንቋ «ዋስህን ጥራ» ማለት ነው፡፡ አራቱ ጓደኞቹ ዋስ መሆን አይችሉም፤ እነርሱ ራሳቸው ተወራራጆች ናቸው፡፡ ደግሞም ፈቃድ ያለው ሁሉ ተደላድሎ አልተቀመጠም፡፡ በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ወጣቱን አበላሹ ብሎ የውርርድ ቤቶችን ሲያሽግ፣ ፈቃዳቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉም ነበሩ፡፡ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በማኅተም የከፈተውን ከተማው በማሸጊያ ዘጋው፡፡ እኔ በወላጆች ጩኸት አልቀልድም፤ የቀን ገቢውን እዚያ ጥሎ የሚመለስ ሠራተኛ ለመኖሩ ምስክር አያሻም፡፡ ግን ከተከራይና ከግብር የሚጠበቅበትን ሁሉ ላሟላ ሰው በር ማሸግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በሩ ቢታሸግ ደግሞ ስልኩ አይታሸግም፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘብ ለማስያዝ ቤት መሄድ አያስፈልግም፡፡ አገር ውስጥ ካልተገኘም ባሕር ማዶ አለ፡፡ የካሪቢያኗ ደሴት አንቲጓ ባወጣችው የነጻ ንግድ ቀጣና ሕግ አማካይነት ለኢንተርኔት ቁማር ፈቃድ መስጠት ጀምራ፣ ሕዝቧ ከመቶ ሺህ የማይበልጥ ሆና ሳለ አሜሪካን በዓለም ንግድ ድርጅት ፊት እስከ መክሰስ ደርሳለች፡፡ ኬንያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ትልልቆቹን አወራራጆች ፈቃድ አላድስም ብላ ስትዘጋ፣ ለእግር ኳስ ክለቦቿ ይሰጥ የነበረው የስፖንሰር ገንዘብም አብሮ ተቋረጠ፡፡

የምኒልክ ዘመን ተረቺ ፍርዱ ቢጎረብጠው ከዳኛው ወደ አፈ ንጉሡ፣ ከአፈ ንጉሡም ወደ ንጉሡ ችሎት ይግባኝ ይል ነበር፤ እንጦጦን በእግሩ ወጥቶ፡፡ በባሕር ማዶ ውርርድ አሸንፎ የተከለከለ የኮተቤ ልጅስ? ዳኛው ደሴት ላይ ነው፡፡ ይግባኝ የሚሰማ ሰው ቢኖር እንኳ የአውሮፕላን ቲኬቱን በምን ይቆርጣል?