ካርታ ሠሪዎቹና የማይጠፉት ነጥቦች

ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ስታርክራፍትን ሲያወጣ የካርታ መሥሪያውንም አብሮ ሰጠ። ተጫዋቹ ራሱ ሠሪ ሆነ ማለት ነው። በ2002 የወጣው ዋርክራፍት 3 ጃስ የሚባል ቋንቋ ጨመረበት። ትእዛዙ ሦስት ክፍል አለው፦ ምን ሲሆን፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ይደረግ። ቀላል ነው አይደል?

ችግሩ ወዲህ ነው። ወታደር የሚወጣበት ቦታ በተጠራ ቁጥር በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ አንድ ነጥብ ይፈጠራል፤ ሥራው ቢያልቅም አይጠፋም። ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ነጥቦቹ ይከመራሉ፣ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። ስህተት አለ የሚል መልእክት ስለማይመጣ፣ እንደኛ ክፍል አሮጌ ማሽን ያለው ሰው ማሽኑን ነው የሚወቅሰው። መፍትሔው ነጥቡን ስም ሰጥቶ መያዝ፣ ከተጠቀሙበት በኋላ ደግሞ በአንድ የጃስ መስመር መሰረዝ ነው። ይህን ካርታ ሠሪዎቹ እርስ በርስ ተማማሩት። በ2003 የተጀመረው ዝነኛው ዶታም በዚሁ መሣሪያ የተሠራ የተጫዋች ካርታ ነበር።