ያልተቆጠረ ድምፅ ያሸነፈበት ማለዳ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ሻይ ቢጤ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከኑዛዜ ልጀምር። በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የውጭ ዜና እየተረጎምኩ አቀርብ ነበር። ጁን 7 ማለዳ ቢሮ ስገባ አሶሺየትድ ፕረስ ሌሊቱን ያሰራጨው ሰበር ዜና ጠበቀኝ። ሂላሪ ክሊንተን የዲሞክራቲክ ፓርቲን የፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ለማግኘት የሚያስፈልጓቸውን 2,383 የጉባኤ ተወካዮች አሟልተዋል ይላል። ጊዜ አላጠፋሁም፤ ተርጉሜ «ክሊንተን ዕጩነታቸውን አረጋገጡ» ብዬ አነበብኩት።

ከዜናው በኋላ አንዲት እናት ደወሉ። ልጃቸው ሎስ አንጀለስ ነው የሚኖረው። «ልጄ፣ ትናንት ሳወራው ማክሰኞ ተሰልፌ እመርጣለሁ ብሎኛል። አንተ ደግሞ አለቀ ትላለህ። ታዲያ እሱ የሚሰለፈው ምን ሊሠራ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በእርግጥም ካሊፎርኒያን ጨምሮ ስድስት ግዛቶች ገና በዚያው ቀን ሊመርጡ ነበር። አሶሺየትድ ፕረስ ቁጥሩን የሞላው «ሱፐር ዴሌጌት» የሚባሉትን የፓርቲ ሹማምንትና ባለሥልጣናት አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ ማንን እንደሚደግፉ በመመዝገብ ነው። እነዚህ ሰዎች ከ700 በላይ ሲሆኑ ድምፃቸውን የሚሰጡት በጁላይ መጨረሻ ፊላደልፊያ በሚካሄደው ጉባኤ ነበር። ዜናው ሐሰት አልነበረም፤ ቆጠራው በጥንቃቄ ተሠርቷል። ነገር ግን ሕዝብ ሊመርጥ በዋዜማው «አለቀ» ብሎ ማወጅ ዜና መናገር ብቻ ነው ወይስ በውድድሩ ውስጥ መግባት?

የበርኒ ሳንደርስ ደጋፊዎች «ሚዲያው ሰረቀን» አሉ። የክሊንተን ደጋፊዎች ደግሞ «ለዓመት ሙሉ በኢሜይል ጉዳይ ያብጠለጠላችሁት እኛን አይደል?» ብለው መለሱ። ማን ልክ ነበር? ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። የዚህ ክስ ታሪክ ከሁለቱም ዕጩዎች ይረዝማልና።

ያሸነፈው የተሸነፈበት

ማርች 12 ቀን 1968፣ ኒው ሃምፕሻየር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ስማቸው በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ እንኳ አልታተመም፤ ደጋፊዎቻቸው በእጃቸው እየጻፉ ነው የመረጧቸው። እንዲያም ሆኖ 49 በመቶ ገደማ አገኙ። የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው የተነሡት ሴናተር ዩጂን ማካርቲ 42 በመቶ ገደማ አገኙ። በቁጥር ያሸነፉት ጆንሰን ናቸው። በማግሥቱ የተወራው ግን የማካርቲ ድል ነው። ምክንያቱም ማካርቲ ይህን ያህል ያገኛሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ከአራት ቀን በኋላ ሮበርት ኬኔዲ ወደ ውድድሩ ገቡ። ማርች 31 ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ዳግም እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ለውሳኔያቸው ዋናው ምክንያት ጦርነቱ ነው፤ ሆኖም የኒው ሃምፕሻየር ትርጓሜ የራሱን ገፍቷል።

አራት ዓመት እንለፍ። ያው ኒው ሃምፕሻየር፣ 1972። ሴናተር ኤድመንድ መስኪ የጎረቤቷ የሜይን ሰው ስለሆኑ ጋዜጠኞች «ግማሹን ድምፅ ካላገኘ ወድቋል» የሚል መስፈርት አወጡላቸው። መስኪ 46፣ ጆርጅ መክገቨርን 37 በመቶ አገኙ። ዘጠኝ ነጥብ አስከትሎ ያሸነፈ ሰው እንደ ተሸናፊ ተጻፈበት፤ በመጨረሻም ዕጩ የሆኑት መክገቨርን ናቸው።

በዚያው ዘመቻ ሌላም ነገር ነበር። የማንቸስተሩ ዩኒየን ሊደር ጋዜጣ መስኪን ያለ ምሕረት ይዘልፍ ነበር፤ ባለቤታቸውንም ነካ። አሳታሚው ዊልያም ሎብ ወገንተኝነቱን የሚደብቅ ሰው አልነበረም። ፌብሩዋሪ 26 መስኪ በረዶ እየጣለ ከጋዜጣው ሕንፃ ፊት ለፊት ቆመው ሚስታቸውን ሲከላከሉ ስሜታቸው ተነካ። የዋሽንግተን ፖስቱ ዴቪድ ብሮደርና ሌሎች ጋዜጠኞች «አለቀሱ» ብለው ጻፉ። መስኪ ግን ፊታቸው ላይ የነበረው የቀለጠ በረዶ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ተናግረዋል። ንዴቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ ጋዜጣው ያወጣው የሐሰት ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ከኒክሰን ሰዎች የማጨናገፍ ሥራ ጋር እንደሚያያዝ ራሱ ዋሽንግተን ፖስት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዘገበ። ብሮደር ከዓመታት በኋላ ያ ዘገባ አሁንም እንደሚቆረቁራቸው ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ግልጽ ጠላት የነበረው ጋዜጣ መስኪን ሊጥላቸው አልቻለም፤ አንባቢው ጋዜጣው የማን እንደሆነ ያውቃል። የጎዳቸው ወዳጅም ጠላትም ያልሆነው፣ «ገለልተኛ» የሚባለው ጋዜጠኛ ያወጣላቸው መስፈርትና የመረጠላቸው አንድ ቃል ነው።

አንድ ጩኸት፣ ስድስት መቶ ጊዜ

ጃንዋሪ 19 ቀን 2004፣ አዮዋ። ለወራት ሲመሩ የከረሙት ሃዋርድ ዲን በ18 በመቶ ሦስተኛ ወጡ። ጆን ኬሪ 38፣ ጆን ኤድዋርድስ 32 በመቶ ገደማ አግኝተዋል። ዲን ያን ምሽት ተስፋ የቆረጡ ወጣት ደጋፊዎቻቸውን ለማነቃቃት የግዛቶችን ስም እየጠሩ ቆይተው በመጨረሻ ጮኹ።

አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ጩኸቱን ብዙም አልሰማውም፤ ሕዝቡ ራሱ ይጮህ ነበርና። የያዙት ማይክሮፎን ግን የአካባቢውን ድምፅ አጥፍቶ የሳቸውን ብቻ ለይቶ የሚወስድ ነበር። በቴሌቪዥን የታየው ጸጥ ባለ አዳራሽ ብቻውን የሚጮህ ሰው ነው። ያ ቅንጭብ በአራት ቀን ውስጥ ከ600 ጊዜ በላይ ተላለፈ። ዲን አዮዋን የተሸነፉት ከጩኸቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ «ጩኸቱ ጣላቸው» ማለት ልክ አይደለም። የመነሣት ዕድላቸውን ግን አጠበበው። ፊልሙ እውነተኛ ነው። የተሰጠው መጠን ግን ውሸት አደረገው።

አክስቴና ልጇ

2008 ለእኔ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር አክስቴ የሂላሪ ክሊንተን፣ ልጇ ደግሞ የባራክ ኦባማ ደጋፊ ነበሩ። በአንድ ሳሎን፣ አንድ ቴሌቪዥን እያዩ ሁለቱም ጣቢያው ለሌላኛው ያደላል ይሉ ነበር። ስንደውል ስልኩን እየተቀባበሉ ይከሱልን ነበር።

ሁለቱም ማስረጃ ነበራቸው። ፌብሩዋሪ ላይ የኤምኤስኤንቢሲ ዘጋቢ ስለ ክሊንተን ሴት ልጅ በተናገረው ጸያፍ ቃል ከሥራ ታግዷል። ሳተርዴይ ናይት ላይቭ የተባለው የቀልድ ዝግጅት ጋዜጠኞች ለኦባማ ሲሽቆጠቆጡ የሚያሳይ ጭውውት ሠራ፤ ክሊንተንም ፌብሩዋሪ 26 በክሊቭላንዱ ክርክር ላይ ራሳቸው አነሱት። በሌላ በኩል ማርች ላይ የኦባማ ቄስ የጄረማያ ራይት ስብከት ቅንጭብ ቀን ከሌት ይታይ ነበር። ኤፕሪል 16 ኤቢሲ በፊላደልፊያ ባዘጋጀው ክርክር ደግሞ የመጀመሪያው ግማሽ ያህል ያለቀው ስለ ቄሱ፣ ስለ ደረት ባንዲራና ስለመሳሰሉት በመጠየቅ ነው። ስለ ኢኮኖሚውና ስለ ኢራቅ ጦርነት የተጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥነ ልቦና አጥኚዎች ይህን የአክስቴን ሳሎን ቀድመው አውቀውታል። በ1985 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ1982 ቤይሩት ውስጥ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የተላለፉ ተመሳሳይ ዜናዎችን ለእስራኤል ደጋፊና ለዐረቦች ደጋፊ ተማሪዎች አሳየ። ሁለቱም ወገኖች ዜናው በእነሱ ላይ ያደላ ነው አሉ። ስለዚህ «አድልተውብናል» የሚለው ስሜት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን ሁለቱም ስለጮኹ ብቻ ሚዛኑ ልክ ነው ማለትም አይቻልም። ጋዜጠኞች «ሁለቱም ከሰደቡን ልክ ነን» የምንላት ማምለጫ አለችን። ሁለቱንም በድለን ሊሆን እንደሚችል ግን አናስብም።

ወደ 2016 እንመለስ

የአሜሪካ ሦስት ዋና ዋና ጣቢያዎች፣ ማለትም ኤቢሲ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ፣ በ2015 ዓመቱን ሙሉ በምሽት ዜናቸው የሰጡትን ደቂቃ ቲንዳል ሪፖርት ቆጥሮታል። ለዶናልድ ትራምፕ ዘመቻ 327 ደቂቃ፤ ለክሊንተን 121 ደቂቃ፤ ለሳንደርስ 20 ደቂቃ። ሳንደርስ በዚያው ዓመት አዳራሽና ስታዲየም እየሞሉ ነበር። ማርች 15 ቀን 2016 ምሽት ሳንደርስ ፊኒክስ ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ ትልልቆቹ የኬብል ጣቢያዎች አላስተላለፉትም፤ ትራምፕ እስኪመጡ ይጠባበቁ ነበር። የሲቢኤስ ኃላፊ ሌስ ሙንቬስ በዚያው ሰሞን የትራምፕ ዘመቻ ለአሜሪካ ባይጠቅምም ለጣቢያቸው ግን እጅግ ትርፋማ እንደሆነ በአደባባይ ተናግረዋል። ከዚህ በላይ ግልጽ ኑዛዜ የት ይገኛል?

አሁን የሳንደርስን ደጋፊዎች የማያስደስተውን ልናገር። የሃርቫርዱ ሾረንስቲን ማዕከል የ2015ን ዘገባ በድምፀቱ ሲመዝነው፣ ከዋና ዋናዎቹ ዕጩዎች ሁሉ በጎ ዘገባ ያገኙት ሳንደርስ፣ ክፉውን ያገኙት ደግሞ ክሊንተን ሆነው ተገኙ። አንዱ ተረሱ፤ ሲነሱ ግን ተመሰገኑ። ሌላዋ ዕለት ዕለት ተነሱ፤ ሲነሱ ግን ተወቀሱ። ታዲያ ለማን ነው ያደላው? ደቂቃ የቆጠረ አንድ መልስ፣ ቃል የመዘነ ሌላ መልስ ያገኛል። የሁለቱ ወገኖች ጠብ እስከ ዛሬ ያልበረደው አንዱ ወገን ደቂቃ፣ ሌላው ቃል ይዞ ስለሚከራከር ይመስለኛል።

ጥርጣሬው ባዶ አልነበረም። ጁላይ 22 ዊኪሊክስ የዲሞክራቲክ ብሔራዊ ኮሚቴን ኢሜይሎች ሲያወጣ የኮሚቴው ሠራተኞች በሳንደርስ ላይ የጻፉት ታየ፤ ሊቀመንበሯ ዴቢ ዋሰርማን ሹልትስ በቀናት ውስጥ መልቀቂያ አስገቡ። የሲኤንኤን ተንታኝ የነበሩት ዶና ብራዚል ጥያቄ አስቀድመው ለክሊንተን ዘመቻ እንዳሾለኩም ተጋለጠ፤ ጣቢያውም ከሳቸው ጋር ተለያየ። ይሁንና ሒሳቡ ሒሳብ ነው። ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ ከ3 ሚሊዮን በላይ በልጠው፣ ካሊፎርኒያንም ጨምረው አሸንፈዋል። «ሚዲያው ሰረቀ» የሚለው ይህን ሁሉ መራጭ እንደ ሕፃን መቁጠር ነው።

ታዲያ ምን ተረፈን?

የእኔ አቋም ይህ ነው። ከዕጩ ጀርባ ተሰልፎ የሚዋሽ ጋዜጠኛ አለ፤ ግን ታሪኩ በአመዛኙ እሱ አይደለም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይላሉ አባቶቻችን። የዜና ክፍል እንደዚያች ዶሮ ነው። አንዱ ትልቅ ስም ያለው ድርጅት «ይህ ሰው አይደርስም» ካለ ሌላው ይከተላል፤ የማይደርስ ሰው ካሜራ አይላክለትም፤ ካሜራ ያልተላከለት ደግሞ በእርግጥም አይደርስም። በመጨረሻ «አላልንም?» እንላለን። ይህ ሴራ አይደለም። ግን ማንም ስላላሴረ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

እኛስ? በአገራችን የፕሬዚዳንት ዕጩዎች የፓርቲ ቅድመ ምርጫ የለም። ነገር ግን የውጭ ዜና ስንተረጉም የምንተረጉመው ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተሰጠውን ሚዛን ጭምር ነው። እነሱ 20 ደቂቃ የሰጡትን እኛ አንድ መስመር እንሰጠዋለን፤ እነሱ «አለቀ» ያሉትን እኛም «አለቀ» እንላለን። ከዚያ አድማጫችን ለራሱ አገር ፖለቲካም ያንኑ ልማድ ይወስዳል፤ ማን ምን ሊያደርግልን አስቧል ሳይሆን ማን ይመራል ብሎ መጠየቅ።

ስለዚህ አንድ ዜና አድልቷል ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ጊዜ ተሰጠው? በምን ቃል ተነገረ? ማሸነፍና መሸነፍ በማን መስፈርት ተለካ? ሦስቱን ለራሳችሁ ዕጩም፣ ለምትጠሉትም እኩል ጠይቁ። ያኔ ፍርዳችሁ ቢያንስ ከአክስቴ ሳሎን ይሻላል።

ዲሞክራቲክ ፓርቲ በኦገስት 2018 ደንቡን አሻሽሎ፣ ውጤቱ አስቀድሞ ካልተወሰነ በቀር ሱፐር ዴሌጌቶች በመጀመሪያው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ አድርጓል። ፓርቲው ከስህተቱ ትንሽ ተምሯል። እኔም የተማርኩት ትንሽ ነው። ያቺን ዜና ዛሬ ብጽፋት «እንደ አሶሺየትድ ፕረስ ቆጠራ ክሊንተን የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ አግኝተዋል፤ ስድስት ግዛቶች ግን ዛሬ ይመርጣሉ» እላለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ልዩነቱ። ለእኚያ እናት ያልመለስኩት መልስ እሱ ነበር፦ ልጅዎ ይሰለፍ፣ ገና አላለቀም።

በሐሳቤ የማትስማሙ በአስተያየት መስጫው ሞግቱኝ። ቸር ያሰማን!