ከበረዶ በታች ያለ ሕይወት፤ የኮሎራዶ ተራራ ውሃዎችና የትራውት ዓሣ ታሪክ

የማኅበራችን አሥረኛ ዓመት መታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ ስለ አገር ቤት ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች እንደሚሆኑ ስለገመትን፣ እኛ ደግሞ ስለምንኖርበት ስለ ኮሎራዶ ምድር ጥቂት ለማለት ወደድን። ከዴንቨር ተነስቶ በሀይዌይ 70 ወደ ምዕራብ የሚወጣ ሰው፣ በተለይም መንገደኛ ጭነን ወደ ስኪ መንደሮቹ የምንመላለስ ባለታክሲዎች፣ በጥርና በየካቲት የጆርጅታውንን ሐይቅ ሳናይ አናልፍም። ሐይቁ ነጭ ሜዳ ሆኖ፣ በላዩ ትናንሽ ድንኳኖች ተተክለው፣ ሰዎች ባልዲ ላይ ተቀምጠው አንዲት ጠባብ ጉድጓድ ላይ አቀርቅረው ይታያሉ። ከመካከላችን ይህን ያየ ብዙ ሰው «እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው?» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ግን ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የዓሣ ብቻ ሳይሆን የወርቅና የብር፣ የምንጠጣው ውሃና ጠፋ ተብሎ የተገኘ የአንድ ፍጥረት ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ለዚህ ጉዳይ አማርኛችን ትንሽ ይጠበናል። ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ውሃ ሲረጋ የሚሠራውንም፣ ከፍሪጅ የሚወጣውንም «በረዶ» እንላለን። ጠዋት ሣር ላይ የሚገኘውን ውርጭ ወይም አመዳይ እንለዋለን። ከጣና እስከ ጫሞ ያሉት ሐይቆቻችን አንዳቸውም ስለማይረጉ፣ በሐይቅ ላይ በእግር ስለ መሄድ የሚናገር ቃል አላስፈለገንም። «ክረምት» የሚለውም ቃል ዝናብና ጭቃን እንጂ የረጋ ውሃን አያስታውሰንም።

የረጋው ሐይቅ ውስጥ ዓሣ እንዴት ይኖራል ለሚል ሰው መልሱ ያለው በውሃ ጠባይ ላይ ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝ እየከበደ ሄዶ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲደርስ ከሁሉ ይከብዳል፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ግን ተመልሶ ይቀላል። ስለዚህ በመጸው የላይኛው ውሃ እየቀዘቀዘ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሐይቁም በሙሉ 4 ዲግሪ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚቀዘቅዘው ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ቀርቶ ይረጋል፤ የረጋውም ይንሳፈፋል። ውሃ እንደ ሌላው ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ከታች ወደ ላይ እየረጋ በሄደና አንድም ዓሣ ባልተረፈ ነበር። በረዶው እንግዲህ ለዓሣው ጣራ ነው ማለት ይቻላል። ትራውት ደሙ ከውሃው ጋር የሚቀዘቅዝ ፍጥረት ስለሆነ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ምግቡም ያንሳል፤ ጨርሶ ግን አይተኛም። አጥማጁ የሚኖረውም በዚህች ጥቂት ምግብ ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከጣራው በላይ በሚከመረው አመዳይ ነው። ጥቁር ንጹሕ በረዶ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከታች ያሉት ዕፀዋትም ኦክሲጅን ይሰጣሉ። አመዳዩ ሲወፍር ግን ብርሃን ይቋረጣል፣ ዕፀዋቱ ይሞታሉ፣ ሲበሰብሱም ያለውን ኦክሲጅን ይበሉታል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ይህ ሲበረታ ዓሣው ታፍኖ ያልቃል፤ በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ሬሳው ዳር ላይ ተንሳፎ ይገኛል። አጥማጆቹም ውሃው እንደረጋ ያሉትን ቀናትና ሊቀልጥ ሲል ያሉትን ቀናት የሚመርጡት፣ መካከሉን ግን የሚያማርሩት አንዱ በዚሁ ምክንያት ነው።

ለወጣቶቻችን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። ሰው በእግሩ ለመቆም ቢያንስ 4 ኢንች ንጹሕ በረዶ ያስፈልጋል፤ ነጭና አረፋ የመሰለው በረዶ ግን የንጹሑን ግማሽ ያህል እንኳ ላይችል ይችላል። በግድብ ሐይቆች ላይ ደግሞ ውሃው ከሥር ሲለቀቅ በረዶው ዳር ዳሩን ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሌላው ሰው ስለቆመበት ብቻ እዚያ መቆም አይገባም።

ወራጁ ውሃ የራሱ ሕግ አለው። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ብርዱ በበረታበት ሌሊት፣ በሚወርደው ውሃ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠሩና ከታች ካለው ድንጋይ ጋር ይጣበቃሉ። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ሲላቀቁ ጠጠሩንና ዓሣው የሚመገባቸውን ትላትል ይዘው ይሄዳሉ። ትራውቱ በዚህ ጊዜ ከፈጣኑ ውሃ ወደ ጥልቁና ወደ ረጋ ያለው ገንዳ ይሸሻል። ብራውንና ብሩክ የሚባሉት ዝርያዎች እንቁላላቸውን በመጸው ጠጠር ውስጥ ስለሚጥሉ፣ እንቁላሉ የብርዱን ወራት በሙሉ እዚያው ተቀብሮ ይከርማል። ሬይንቦውና ካትስሮት ግን የሚጥሉት በጸደይና በበጋ መጀመሪያ ነው። ለትንንሽ ጅረቶች ወፍራም አመዳይ እንደ ጋቢ ነው፤ አመዳይ ያነሰበት ብርድ ለእነሱ የከፋ ነው።

እዚህ ላይ የሰው እጅ ይገባል። ዴንቨር ውሃ ሲጠማት ተራራውን መገደብ ጀመረች። በሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ የቺስማን ግድብ በ1905 ተጠናቀቀ። ከግድቡ ሥር የሚለቀቀው ውሃ ከሐይቁ ወለል የሚመጣ በመሆኑ በብርድ ጊዜ አይረጋም፤ ስለሆነም ከግድቡ በታች ባለው ሸለቆ ዓመቱን በሙሉ ዓሣ ይጠመዳል። በ1963 የተጠናቀቀው የዲሎን ግድብ ደግሞ የዲሎንን ከተማ ከነበረችበት አስነስቶ ቦታዋን በውሃ ሸፈነው። የዲሎን ውሃ 23 ማይል በሚረዝመው የሮበርትስ ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ዴንቨር ይመጣል። ዴንቨር ውስጥ ሻይ የሚያፈላ ወገናችን ሁሉ፣ አጥማጆቹ በጥር ከሚቀመጡበት ሐይቅ ይጠጣል ማለት ነው።

ከግድቡ በፊት ግን ወርቅ ነበር። ይህ ምድር የዩት ሕዝብ አደን የሚያድንበትና ዓሣ የሚያጠምድበት አገር ነበር። በውሃዎቹም ውስጥ ከትራውት ወገን የነበረው አገር በቀሉ ካትስሮት ብቻ ነው። ስሙ ከአገጩ ሥር ካለው ቀይ መስመር የመጣ ሲሆን «ጉሮሮው የተቆረጠ» እንደ ማለት ነው። በ1859 ወርቅ ፈላጊው ሲጎርፍ፣ በኋላም ሌድቪል ላይ ብር ሲገኝ፣ ለማዕድን ሠራተኛው ቀለብ ተብሎ ዓሣው ያለ ልክ ተያዘ፤ የቀረውን የማዕድን እጣቢ መረዘው። ጅረቶቹ ባዶ ሲሆኑ መንግሥትም ግለሰብም የውጭ ዓሣ ያመጡ ጀመር፤ ብሩክ ከምሥራቅ አሜሪካ፣ ሬይንቦው ከካሊፎርኒያ፣ ብራውን ከአውሮፓ። በ1889 በሌድቪል የፌዴራል የዓሣ ማርቢያ ተቋቋመ። ከ1885 እስከ 1953 ባሉት ዓመታት በኮሎራዶ ውሃዎች የተለቀቀው ዓሣ ከ750 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ መዝገቦች ያስረዳሉ። በአህያና በባቡር በቆርቆሮ ጣሳ እየተጫነ!

እንግዶቹ አገር በቀሉን አጠፉት። ብሩክ ምግቡንና ቦታውን ቀማው፤ ሬይንቦው ደግሞ ከእርሱ ጋር እየተዳቀለ ዘሩን አቀላቀለው። በትዊን ሌክስ ይኖር የነበረውና እስከ 10 ፓውንድ ይደርስ እንደነበር የተነገረለት የሎውፊን የተባለው ካትስሮት፣ ዴቪድ ስታር ጆርዳን የተባለው ሊቅ በ1889 ካጠናው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከምድር ጠፋ። ዛሬ የሚታወቀው በአልኮል ከተቀመጡት ናሙናዎች ነው።

የማዕድኑ ጉዳት ከሁሉ የከፋው በአርካንሳስ ወንዝ ላይ ነበር። ከሌድቪል የጥንት ዋሻዎች የሚወጣው ዚንክና ካድሚየም ወንዙን ስለበከለው፣ ብራውን ትራውት ከሦስት ዓመት ያህል በላይ አይኖርም ነበር። ቦታው በ1983 በፌዴራሉ የብክለት ማጽዳት መዝገብ ላይ ተጻፈ። በ1992 ከዋሻዎቹ የሚወጣውን ውሃ የሚያጣሩ ጣቢያዎች ሥራ ጀመሩ። በ2014 ከወንዙ 102 ማይል የሚሆነው «ጎልድ ሜዳል» የተባለውን የክፍለ ሀገሩን ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ። መንግሥት ሠራው ተብሎ ከሚነገረን ነገር ሁሉ ይህን ያህል በዓይን የሚታይ ጥቂት ነው እንላለን። ሆኖም አንዱ ሲድን ሌላው ታመመ፤ ከአውሮፓ የመጣውና የዓሣን ጫጩት አከርካሪ የሚያጎብጠው የመሽከርከር በሽታ በ1980ዎቹ መጨረሻ ኮሎራዶ ገብቶ፣ በ1990ዎቹ የትላልቅ ወንዞችን ሬይንቦው ፈጀው። በሽታውን የሚቋቋም ዘር የተገኘው ከጀርመን ማርቢያ ነው።

የአገራችንም ስም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ አካባቢ በሚወርዱት በወይብና በዳንካ ወንዞች ትራውት አለ። ከኬንያ የመጣውም በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ለኬንያ በ1905 የደረሰው ብራውን ትራውት ከስኮትላንድ፣ ሎክ ሌቨን ከሚባለው ሐይቅ የመጣ ነው፤ ከዚሁ ሐይቅ ዘር በ1880ዎቹ ወደ አሜሪካም ተልኳል። እንግዲህ የባሌውና የኮሎራዶው ብራውን ሥጋ ዘመዶች ናቸው ቢባል ስሕተት የለበትም። በአገራችን ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ ዓሣ የማያውቀው ብዙ ነውና ይህን የሚያነብ የባሌ ልጅ ካለ ቢጨምርበት ደስ ይለናል። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለአባቶች ትተነዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በሳውዝ ፕላት ተፋሰስ ይኖር የነበረው አገር በቀል ግሪንባክ ካትስሮት ይባላል፤ «ጀርባው አረንጓዴ» ማለት ነው። (የዶላር የቀድሞ ቅጽል ስምም ይኸው ነው።) በ1937 ዘሩ ጨርሶ ጠፍቷል ተብሎ ተጻፈ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን በጥቂት ራቅ ያሉ ጅረቶች ተረፈ የተባለ ዓሣ ተገኘ። ያም ተረብቶ በብዙ ውሃዎች ተለቀቀ፣ በ1978 ከ«ሊጠፋ ነው» ደረጃ ወደ «ያሰጋዋል» ደረጃ ወረደ፣ በ1994 የኮሎራዶ የክፍለ ሀገር ዓሣ ተብሎ ታወጀ። ሁሉም ደስ አለው።

ደስታው ያለ ቦታው ነበር። በ2007 የዘረመል ጥናት ብዙዎቹ ግሪንባክ የተባሉት ዓሣዎች ከተራራው ማዶ፣ ከምዕራቡ ተፋሰስ የመጣ ሌላ ዝርያ መሆናቸውን አሳየ። በ2012 ደግሞ ጄሲካ ሜትካፍና ባልደረቦቿ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በሙዚየም ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናሙናዎችን መርምረው ቁርጡን ተናገሩ። እውነተኛው ግሪንባክ በዓለም ላይ የቀረው በአንድ ጅረት ብቻ ነበር፤ እርሱም በኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ያለው ቤር ክሪክ ሲሆን፣ አራት ማይል ያህል ርዝመት ላይ 750 ገደማ ዓሣ ይዞ ነበር።

የሚያስገርመው ቤር ክሪክ የግሪንባክ አገር አለመሆኑ ነው። ጅረቱ የአርካንሳስ ተፋሰስ ነው። ዓሣውን ያመጣው ጆንስ የተባለ ባለሆቴል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ለሚወጡ እንግዶቹ ብሎ ዓሣ በሌለበት ጅረት ለቀቀው። የገዛ አገሩ ላይ የቀረው በማዕድን፣ በእንግዳ ዓሣና በመዳቀል ሲያልቅ፣ ተሰዶ በባዕድ ውሃ የገባው ግን ዘሩን ሳያቀላቅል መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረ። ይህን ለሚያነቡ ስደተኞች ማብራሪያ መስጠት አያሻንም። ጅረቱም ቢሆን ከአደጋ አልራቀም ነበር፤ የሞተር ብስክሌት መንገድ አፈሩን እየሸረሸረ ገንዳዎቹን ይደፍን ስለነበር በክርክርና በክስ መንገዱ ተለወጠ።

ከቤር ክሪክ የተወሰደው ዘር በሌድቪሉ ማርቢያ ተረባ፤ ያ ማርቢያ የውጭ ዓሣ ሲያከፋፍል የኖረው ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል። በ2014 ዚመርማን በተባለው ሐይቅ ተለቀቀ፤ ከዚያም በሌሎች ጅረቶች። በየዓመቱ ጫጩት እየተሸከሙ ወደ ተራራ የወጡ በጎ ፈቃደኞች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የተለቀቀ ዓሣ መኖሩ አይበቃም፤ ያለ ሰው እርዳታ እንቁላል ጥሎ፣ ጫጩቱ ብርዱን አልፎ፣ አድጎ እንደገና መውለድ አለበት። በተራራው ከፍታ በጋው አጭር ስለሆነ፣ ዘግይቶ የተፈለፈለ ጫጩት ሳይጠነክር በረዶው ይደርስበታል። በመስከረም 2022 የኮሎራዶ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ግሪንባክ በሄርማን ጅረት በራሱ እየተራባ መሆኑን አስታወቀ።

ሄርማን ጅረት ለእኛ ሩቅ አይደለም። በሀይዌይ 70 ከጆርጅታውን ሐይቅ አልፎ፣ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ከመድረስ በፊት፣ በመውጫ 218 በስተቀኝ ነው። መኪና ማቆሚያ አለው፤ የእግር መንገዱም ጅረቱን ይዞ ይወጣል። ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ግሪንባክ ከተያዘም እጅን አርጥቦ፣ ብዙ ሳያቆዩ ወደ ውሃው መመለስ ግዴታ ነው።