ሦስት ጥይት የተቀበሉ የፖሊስ መኰንን

አንባቢ ሆይ፤ በጦር ሜዳ ለወደቀ ጀግና ሐውልት ይቆምለታል፤ በሰላም ጊዜ በከተማ ጎዳና ላይ ግዳጁን ሲፈጽም በጽኑ ቈስሎ ለተረፈ የፖሊስ መኰንን ግን ምን ዐይነት ክብር ይገባዋል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከሚረዱን ታሪኮች አንዱ የስኮትላንዳዊው የኢንስፔክተር ጄምስ ቢተን ታሪክ ነው።

በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፥ የንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ልዕልት አን ከባለቤታቸው ከካፒቴን ማርክ ፊሊፕስ ጋር ከፊልም ትርዒት ወደ ቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ይመለሱ ነበር። ዘ ሞል በተባለው የሎንዶን ጎዳና ላይ ኢያን ቦል የሚባል ሰው በመኪናው መንገዱን ዘግቶ ሽጉጥ መዝዞ ወረደ። ሐሳቡም ልዕልቲቱን ጠልፎ ብዙ ገንዘብ ማስከፈል ነበር።

በዚያ ሰዓት የልዕልቲቱ ጠባቂ ቢተን ብቻ ነበሩ። ከመኪናው እንደ ወረዱ በቀኝ ትከሻቸው ላይ ተመቱ፤ እሳቸውም ተኩሰው ሳቱ። ሁለተኛ ሊተኩሱ ሲሉ ሽጉጣቸው ነከሰ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ የከዳው ሰው ወደ ኋላ ቢል ማን ይፈርድበታል? ቢተን ግን ወደ መኪናው ገብተው በልዕልቲቱና በጠላፊው መካከል ሰውነታቸውን ጋሻ አደረጉ፤ ጥይቱንም ለመመከት እጃቸውን ወደ አፈሙዙ ዘረጉ። እጃቸው ቈሰለ። ይህም ሳይበቃቸው ገና ሲታገሉ ሦስተኛው ጥይት ሆዳቸውን መታቸው።

ሾፌሩ አሌክስ ካሌንደር፥ ጋዜጠኛው ብራያን ማኮኔልና ኮንስታብል ማይክል ሂልስም ቈሰሉ። ሂልስ ግን ቈስለውም ሳለ በሬዲዮ ርዳታ ጠሩ። ሮናልድ ራስል የሚባሉ መንገደኛ፥ የቀድሞ ቦክሰኛ፥ ጠላፊውን በቡጢ መቱት፤ ልዕልቲቱም ከመኪናው አልወርድም ብለው ጸኑ። በመጨረሻ የሸሸውን ቦልን መርማሪው ፒተር ኤድመንድስ ተከታትለው ያዙት። የቈሰሉት ሁሉ ከሞት ተረፉ።

ለቢተን የተሰጣቸው የጆርጅ መስቀል ነው። ይህ ኒሻን በ1933 ዓ.ም. ሎንዶን በአውሮፕላን ቦምብ ስትደበደብ በንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የተመሠረተ ሲሆን፥ ጠላት ፊት ለፊት ሳይኖር ለሚፈጸም ታላቅ ጀግንነት የሚሰጥ ነው። ሂልስና ራስል የጆርጅን ሜዳይ ተሸለሙ። ልብ በሉ፤ የቢተን ጥይት ጠላፊውን አላገኘውም፤ ጠላፊውንም የያዙት ሌላ ሰው ናቸው። ከፍተኛው ክብር የተሰጠው ላሸነፈው ሳይሆን በስፍራው ለቆመው ነው፤ በእኔም አስተያየት ፍርዱ ትክክል ነበር።

ነገር ግን ኒሻን ብቻውን ጕድለትን አይሸፍንም። የንጉሥ ልጅ በአንድ ጠባቂና በአንድ ሽጉጥ መጠበቋ ስሕተት እንደ ነበረ መንግሥቱ ተረድቶ የጠባቂዎቹን ቍጥር አበዛ፤ የነከሰውም ዋልተር ሽጉጥ ከአገልግሎት ወጣ። ቢተንም ቍስላቸው ከዳነ በኋላ ተመልሰው ለጥቂት ዓመታት የልዕልቲቱ ጠባቂ ሆነው አገለገሉ።