መበርገግ፦ ማንም ሳያስደነግጥ የሚመጣ ድንጋጤ ታሪክ

ከሁለት ዓመት በፊት ለገና ወደ አገር ቤት ስሄድ፣ አውቶቡሱ ጣርማ በርን ለቆ ወደ መዘዞ እንደታጠፈ ልቤ ያለ ምክንያት መምታት ጀመረ። መምታት ስል መጋለብ ማለቴ ነው። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ። ውጭው ውርጭ ነው፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዳቦ ሊያካፍሉኝ ሲዞሩ ፊቴን አይተው «ውይ ልጄን!» አሉ። በዚያች ሰዓት የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚሁ መንገድ ላይ ልሞት ነው።

አልሞትኩም። ሞላሌ ስንደርስ ለቆኝ ነበር። ማታ መሐል ሜዳ ገብቼ፣ ባና ደርቤ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ለአያቴ የሆነውን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ማን አስደነገጠህ?»

ማንም አላስደነገጠኝም። ችግሩም እሱው ነበር።

ለነገሩ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ አምሽቼ ስሠራ ያው ነገር መጥቶብኝ፣ ጓደኞቼ ሐኪም ቤት ወስደውኝ፣ ልቤ ተመርምሮ «ምንም የለህም፣ ጤነኛ ነህ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ምንም የለህም መባል ደስ ይላል፤ ግን ሞትን አይቶ ለተመለሰ ሰው መልስ አይሆንም። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ሐኪምም ታሪክ አዋቂም አይደለሁም። ብቻ በእኛ ሙያ አንድ ሲስተም ያለ ምክንያት ማስጠንቀቂያ ሲልክ መጀመሪያ የምንከፍተው የኋላ መዝገቡን ነው። እኔም የዚህን ሕመም የኋላ መዝገብ መክፈት ጀመርኩ።

መዝገቡ የሚጀምረው ከእረኞች ነው። ሐኪሞች ፓኒክ የሚሉት ቃል የመጣው ፓን ከተባለው የጥንት ግሪኮች የእረኞችና የዱር አምላክ ነው። መንጋ በጠራራ ፀሐይ ያለ ምክንያት ሲበረግግ ያስበረገገው ፓን ነው ይሉ ነበር። መንዝ ላይ በግ የጠበቀ ሰው ይህን ለመረዳት ግሪክ መሄድ አያስፈልገውም። አንዷ በግ ትበረግጋለች፣ ሌሎቹ ይከተሏታል፣ መንጋው ገደል አፋፍ ድረስ ይሮጣል። ምን አየች? ምንም። አማርኛችን ለዚህ ቃል አለው፤ ድንጋጤ ምክንያት ይፈልጋል፣ መበርገግ ግን አይፈልግም። እኔ አውቶቡስ ውስጥ አልደነገጥኩም፤ በረገግኩ።

ቀጥሎ ያለው ገጽ የወታደሮች ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጃኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም ልባቸው እየዘለለ፣ ደረታቸውን እየወጋቸው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው የመጡ ወታደሮችን አከመ። እ.ኤ.አ. በ1871 ከ300 በላይ የሚሆኑትን ታሪክ ይዞ ጥናቱን አሳተመ። ብዙዎቹ ልባቸው ላይ የሚታይ ጉዳት አልነበረም። እሱ ግን ነገሩን በልብ ስም ጠራው፤ ቁጡ ልብ አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ይህንኑ «የወታደር ልብ» ብለው በሺዎች በሚቆጠሩ ወታደሮቻቸው ላይ አዩት። በመሃሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ሲግመንድ ፍሮይድ ጉዳዩን ከልብ አውጥቶ ወደ ጭንቀት አዛወረው። እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ ዋልተር ካነን የተባለ ተመራማሪ እንስሳ ሲፈራ ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ በመጽሐፍ አሳየ። ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል። ሰውነት ወይ ሊገጥም ወይ ሊሸሽ ተዘጋጀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የጣቶቼ ነገር ተገለጠልኝ። የሚሸሽ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሳይሮጡ ቁጭ ብለው እንዲያ ሲተነፍሱ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ጣት የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው ከዚህ ነው። «አየር አጠረኝ» የሚለው ሰው፣ እውነቱ አየር አብዝቶ መውሰዱ ነው።

የእኛስ አገር መዝገብ? የእኛ ሰው ጭንቀቱን በአብዛኛው በሰውነቱ ነው የሚናገረው። ልቤን፣ ራሴን፣ ትከሻዬን ይላል። ምክንያቱንም ከውጭ ይፈልጋል፤ መጋኛ፣ ቡዳ፣ ዛር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት በቅርብ ተከታተለ። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ጽሑፍ የጎንደርን የዛር ማኅበር የቡድን ሕክምና አድርጎ አየው። ዛርን ለማወደስ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ስንቱን ሰው በግና ዶሮ እንዳስገበረ የምናውቅ እናውቃለን። ነገር ግን ሐኪም «ምንም የለህም» ብሎ ከሚያሰናብተው ሰው ይልቅ ስም የተሰጠውና ሰው የከበበው በሽተኛ ቢያንስ ብቻውን አልነበረም። ጸበል የሚሄደውም ቢሆን አጠገቡ የሚቀመጥ አስታማሚ አለው።

ዘመናዊው ሕክምና ዘግይቶ ነው የደረሰልን። የአማኑኤል ሆስፒታል የተመሠረተው ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ሲሆን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ለዚህ ትምህርት ውጭ አገር መሄድ ነበረባቸው። እናም መሐል ሜዳ ላይ ልቡ የሚበረግግበት ሰው «አማኑኤል ይወሰድ» ከሚል ስድብ በቀር የሚያውቀው ነገር ባይኖር አይገርምም።

በመንዝ ላይ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። በአካባቢያችን ኖሮ ስለ መንዝ ታሪክና ባህል የጻፈው አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን፣ በኢትዮጵያ ባህል ወንድነት ምን ማለት እንደሆነ ለብቻው ጽሑፍ አውጥቷል። እኛ ግን ሳናነበውም እናውቀዋለን። ፉከራና ሽለላ እየሰማ ላደገ ሰው «ፈራሁ» ማለት ቀላል አይደለም።

ይህን የምለው አጎቴን እያሰብኩ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ እሳቸውም እንደ ብዙው ሰው የሚችሉትን አድርገዋል፤ ዝርዝሩን አይናገሩም። ከዚያ ወዲህ ገበያ አይወጡም። ሲጠየቁ «ብርዱ አልተስማማኝም» ይላሉ። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ተወልደው ያረጁ ሰው፣ ብርዱ አልተስማማኝም!

በዚያ ገና ማግስት የአውቶቡሱን ነገር ለእሳቸውም ነገርኳቸው። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ሰው ሲበዛ ልቤ ትወልቃለች» አሉኝ። ያኔ ስለ ዳ ኮስታ ወታደሮች አወራኋቸው።

«ፈረንጅም ይይዘዋል?»

«ከ300 በላይ ወታደሮች ናቸው፣ ጋሼ።»

«የተዋጉ? ተኳሾች?»

«አዎ ጋሼ፣ የተዋጉ።»

ዝም አሉ። እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ በኋላ ነው ያወሩት፤ ያወሩትን እዚህ አልጽፈውም።

የእሳቸው ከእኔ ይለያል። ለአያቴ ጥያቄ እሳቸው መልስ አላቸው፤ ያስደነገጣቸው ነገር እውነት ነበር። የጦርነት ጠባሳ የራሱ ስምና የራሱ ሕክምና አለው። ሁለታችንንም የሚያገናኘን ግን፣ አደጋ በሌለበት ቦታ የሚጮኸው ደወል ነው።

ደወሉ እንዴት ዝም ይላል? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዶናልድ ክላይን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ኢሚፕራሚን የሚባል መድኃኒት ሲሰጥ አንድ ነገር አስተዋለ። ድንገተኛው ጥቃት ይቆማል፤ «ይመጣብኝ ይሆን» የሚለው ፍርሃት ግን ይቀራል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ሕመሙን ለብቻው ስም ሰጥቶ መዘገበው። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ክላርክ አዙሪቱን በግልጽ አስቀመጠው፦ ልብ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ሰውየው «ልሞት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ትርጉሙ ያስፈራዋል፣ ፍርሃቱ ልብን የባሰ ያፈጥናታል። ለእኔ ቢጤው ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ የራሱን ውጤት መልሶ የሚበላ፣ ማቆሚያ የሌለው ሉፕ።

አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ክሌር ዊክስ ግን ከሁሉም ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ለተራው ሰው መውጫውን ነግራው ነበር። እሷም በወጣትነቷ ልቧ እየመታ አስቸግሯት ያውቃል። ምክሯ ባጭሩ፦ አትሽሽ፣ አትታገልም፤ ይምጣ በል፣ በላይህ ይለፍ፣ ጊዜ ስጠው። ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካና ይወርዳል። የሸሸ ሰው መውረዱን ሳያይ ይቀራል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ጓሳ ነው። ጭላዳ ውሻ ሲያይ ወደ ገደል ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ግን በጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መሃል ሲመላለስ አይሸሹም፤ ሣራቸውን ይግጣሉ። ቀበሮውም ይጠቀማል፤ በመካከላቸው ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ ነው። ቀበሮ ሥጋ በል ነው፣ ጥርስም አለው። ጭላዳዎቹ ግን አብረው ውለው አይተውታል።

እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ያገኘሁት ባለሙያ ያሠራኝ ይህንኑ ነው። ደረጃ በሩጫ ወጥቼ ልቤ ሲመታ ቆሜ እንዳየው፣ ሆን ብዬ በፍጥነት ተንፍሼ ጣቴ ሲደነዝዝ እንድጠብቀው። ቡናም ቀነስኩ፤ አቦሉን እጠጣለሁ፣ ቶናና በረካው ይቅርብኝ። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ ነውር የለውም። ደረቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመመው ሰው ግን ይህን ጽሑፍ ትቶ መጀመሪያ ይመርመር፤ አንዳንዴ ደወሉ እውነቱን ነው።

አጎቴን ሐኪም እንዲያዩ አግባብተናቸዋል፤ ሄደውም መድኃኒት ጀምረዋል። ገበያውን ግን በራሳቸው መንገድ ነው የያዙት። መጀመሪያ እስከ መታጠፊያው፣ በሌላ ቀን እስከ ገበያው ዳር፣ ቆሞ ማየት፣ መመለስ። እኔ ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን አያቴ ደወለችልኝ።

«አጎትህ ጨው ገዝቶ መጣ» አለች።

«እንዴት ናቸው?»

«ላብ በላብ ሆኖ ነው የገባው። ጨዉን ግን ገዝቷል።»